ሁለተኛዋ መዥገር

«እኔም አይጥ ሆኜ ብፈጠር ኖሮ ልጄ በየጠዋቱ ጎንበስ ብላ ታየኝ ነበር» ሲል ሰማችው አባቷን፣ ከግድግዳው ማዶ። አይጢት እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና እያሸች ነበር፤ ውሃውን ዘግታ ጆሮዋን ጣል አደረገች። አባቷ እንደ ልማዱ ማለዳ ተነስቶ ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዋ ከሽማግሌው የተከራየችው ክፍል ድሮ የላሞቹ በረት ነበር። ወለሉ ተለስኖ፣ ግድግዳው ቀለም ተቀብቶ፣ መስኮት ወጥቶለት እንኳ ዝናብ ሲመጣ ያ የድሮው ጠረን ከወለሉ ስንጥቅ ብቅ ይላል፤ ሴትዮዋ ታማርራለች፣ ሽማግሌው ግን በዝናብ ቀን ከዚያ ደጃፍ አይጠፋም። «ተዉ እንጂ አባባ፣ ሥራዋ እኮ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም። «ሥራዋማ ነው። አይጦቹ ጋ ስትሄድ ትታጠባለች፤ ከእኔ ጋር ሻይ ስትጠጣም ትታጠባለች። እንግዲህ ማነው ቆሻሻው፣ አንቺ ፍረጂ!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ሳሉ ሲያልፍለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ክፍሉን ሳይፈልገው እንደማይቀር፣ እንግዳ ሊመጣበት እንደሚችል ነገራት። መኪናው ጸጥ አለ። «የምን እንግዳ?» ብትለው፣ «የቤት ሰው ነው» አላት።

አይጢት ፎጣውን እንደያዘች ቀረች። ሆዷ ባባ፤ ደግሞም ተናደደች፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡባት የምታደርገው ጠፋት። አይጢት ያላት አባቷ ራሱ ነው። በልጅነቷ በላሞቹ እግር መሃል እየሾለከች ስታስቸግረው ያወጣላት ስም ነው፤ ኋላ አድጋ ምርምር ጣቢያው አይጥ ቤት ስትቀጠር ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። የምትጠብቃቸው አይጦች ደግሞ እንደ ጓዳ አይጥ አይደሉም። ሰውነታቸው በሽታ መከላከል የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሆን ተብሎ እንዲያ ሆነው ነው የተዳቀሉት። እኛ ተናፍጠን የምንረሳው ጉንፋን እነሱን ይፈጃቸዋል። ባለፈው ክረምት አንድ መደርደሪያ ሙሉ አይጥ በጥቂት ቀን ውስጥ አልቆ፣ በሽታውን ማን እንዳስገባባቸው ሳይታወቅ ቀረ። አንቺ ነሽ ያላት የለም፤ አይደለሽም ያላትም የለም። ያን ሰሞን አባቷ ያስል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉንጩን ስማው አታውቅም። የሱ ኩባያ ለብቻ፣ የሷ ለብቻ። ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ሻይዋን ትጨልጥና ከሩቅ «ደህና ዋል አባዬ» ብላ ሹልክ። እሱ ለምን ብሎ አልጠየቀም፣ እሷም አልነገረችው። እንዲህ ያለ ዝምታ ቤት ሲገባ ማንም አያየውም፤ ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ ማን ያስወጣዋል!

ደጅ ስትወጣ አባቷ ካፖርቱን ቆልፎ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ተነስቷል። «ወዴት ነው በማለዳ?» አለችው ራቅ ብላ ቆማ። «ገበያ ደረስ ብዬ ልምጣ።» የምን ገበያ እንደሆነ አልነገራትም፤ እሷም ረፍዶባት አልጠየቀችም። እንደ ወትሮው ግን «ሻሼ እንዴት ናት?» አላት። ሻሼ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት የመጨረሻ ላሙ ናት። በከተማ ግቢ ከብት ማርባት ቀርቷል ሲባል ሌሎቹ በየተራ ሄዱ፤ ሻሼን ምርምር ጣቢያው ወሰዳት። ለቁንጅናዋ ብለው አይደለም። በረት ተወልዳ በረት ያደገች፣ ሜዳ የሚባል ነገር በዓይኗ ያላየች ስለሆነች መዥገር ነክሷት አያውቅም፤ ደሟ ንጹህ ነው። «ደህና ናት፤ እንዲያውም ወፍራለች» አለችው። «አይናፍቃትም?» «ምኑ?» «እንጃ» አለና በከዘራው መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። «አንዲት መዥገር ከተገኘችባት ትወጣለች ያልሽኝ ግን የእውነትሽን ነው?» ይህን ከዚህ በፊትም ጠይቋታል፤ አንዴ እራት ላይ፣ አንዴ ልብስ ስታሰጣ። «አዎ አባዬ፣ ወዲያው ነው የሚያስወጧት። ግን አታስብ፤ እኛ ጋ መዥገር ድርሽ አይልም።» ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ያጽናናችው መስሏት መንገዷን ቀጠለች።

ጭጋግ ነበር ያን ቀን። አውቶቡሱ በሰው ጢም ብሎ፣ አንድም ሰው ሳይናገር፣ እየተንፏቀቀ ሄደ። መስኮቱ ላብ አልቦት በውጭ ያለው ሁሉ፣ የዳቦ ቤቱ መብራት፣ የብረታ ብረት ሱቆቹ ቆርቆሮ በር፣ ጥላ ይዘው የቆሙት ተማሪዎች፣ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። አይጢት ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆና ሌሊት ያየችው ሕልም ትዝ አላት። ደጋግማ የምታየው ሕልም ነው። አይጥ ቤት ውስጥ ቆማ ምግብ ስታድል፣ ከመጀመሪያው መደርደሪያ ጥግ አንዷ አይጥ እምቧ ትላለች፤ ቀጥሎ ሌላዋ፤ ቀጥሎ ሁሉም። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ክር የሚያህል፤ ግን እምቧ ነው፣ የመታለቢያ ሰዓት የደረሰባት ላም የምትለው ዓይነት። እሷም በሕልሟ ባልዲ ፍለጋ ትሮጣለች፣ ባልዲው ሁሉ ጠፍቷል። ለማን ይነገራል ይሄ? አበደች ይሏታል። ወራጅ አለ ስትል ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

ጣቢያው ደርሳ ልብሷን አውልቃ ታጠበች። በእንፋሎት የተቀቀለውን ልብስ ለበሰች፣ ፀጉሯን ሸፈነች፣ ጭንብልና ጓንት አጠለቀች። የመጀመሪያው በር ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም፤ በሁለቱ መሃል ባለችው ጠባብ ክፍል ሁልጊዜ ጥቂት መቆም አለ፣ እዚያ ስትቆም ዓለም ከኋላዋ ይቀራል። ውስጡ ሙቅ ነው። አየር ማጣሪያው እንደ ሩቅ ወንዝ ያጉተመትማል። ነጫጮቹ አይጦች በየሳጥናቸው ተቃቅፈው ተኝተዋል፤ ሳጥኑን ስትስበው አንዱ ዓይኑን ገልጦ ያያትና መልሶ ይጨፍናል። የጣቢያው ሰዎች የአይጦቹን ደም ቀስ በቀስ እየቀነሱ በምትኩ የላም ደም ይሞሉላቸዋል። ከዚያ በከብት ደም ውስጥ የሚኖረውን ተውሳክ ይሰጧቸዋል። ተውሳኩ ላም ውስጥ የገባ መስሎት ይራባል፤ ምርምሩን የምትመራው ዶክተር ደግሞ እዚያው መድኃኒቷን ትሞክርበታለች። መዥገር የሚያስተላልፈው፣ ስንቱን ቤት ባዶ በረት ያስታቀፈ በሽታ ነው፤ ለሱ ተብሎ ስንት ላም ከሚታመም እፍኝ የማይሞሉ አይጦች ይታመሙለታል። የሚሞላላቸው ደም የሻሼ ነው። አይጢት ብቻዋን ስትሆን የምታደርጋት አንዲት ነገር አለች። አንዷን አይጥ በእጇ ይዛ ወደ መብራቱ ጠጋ ታደርጋታለች፤ ጆሮዋ ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል፣ ውስጡ ቀላ ያለ ነው። ያ ቅላት ሻሼ ናት። «ደህና አደርሽ ሻሼ» ትላለች በጭንብሉ ውስጥ። ዛሬም እንደዚያው ጎንበስ አለች፤ ያኔ የአባቷ ነገር ጆሮዋ ላይ አቃጨለባት፣ አይጥ ብሆን ጎንበስ ብላ ታየኝ ነበር ያለው። አፈረች። አይጧን መልሳ ከእህቶቿ መሃል አስተኛቻት።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ስልኩ ጮኸ። ዘበኛው ነው፤ ሳቁን ማፈን አቅቶታል። «አንድ አባት መጥተዋል። ማን ልበል ብላቸው የላሟ አባት ነኝ ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ አስገባኋቸው! ሰውን ከገዛ ልጁ እንዴት እከለክላለሁ?» አይጢት ክው አለች። ልብሷን እንዴት እንደቀየረች አታውቀውም፤ ካፖርቷን እንኳ ሳትቆልፍ፣ ፀጉሯን ሳትሸፍን በጓሮው በኩል ሮጠች።

የሻሼ ቤት ከግቢው ጥግ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ደቃቅ ወንፊት፣ በሩ ላይ ጫማ የሚነከርበት መድኃኒት የሞላ ገንዳ አለ። ስትገባ አባቷ ግንባሩን ከሻሼ ግንባር ጋር አጋጥሞ ቆሟል። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ላሟ በዚያ ሻካራ ምላሷ የካፖርቱን እጅጌ ትልሳለች፣ እሱ ደግሞ ያንን ማለቢያ ላይ የሚላትን ይላታል፣ ቃል ያልሆነ፣ በአፍንጫ የሚባል ነገር። አይጢት ልትጮህ የከፈተችው አፏ እንደተከፈተ ቀረ። በወንፊቱ የሚገባው ብርሃን ነጭ ነበር፤ እሷ ራሷ መልሳ ልጅ የሆነች፣ አሁን በላሟ እግር መሃል ሾልካ የምትወጣ መሰላት። ከዚያ በእጁ የያዘውን አየች።

«ምንድነው እሱ አባዬ?»

«ክብሪት ነው።»

«አንተ ሲጋራ አታጨስ፣ ክብሪት ምን ይሠራልሃል?»

ሽማግሌው ዓይን ያወጣ ውሸት አያውቅበትም። የክብሪቱን ቀፎ ከፍቶ አሳያት፤ ባዶ ነው፣ ከውስጡ ጥቂት ሣር ብቻ። «መዥገሮቹን ከከብት ገበያ ነው ያመጣኋቸው» አለ። «በሬ ጠጉር ላይ ሲሄዱ አገኘኋቸውና ለቀምኳቸው። ገና አልነከሱም፣ ርቧቸዋል። ዶክተሯ ከሰዓት ደም ልትቀዳ ስትመጣ የሻሼን ጆሮ ታያለች ብለሽኛል። ሳይነክሷት ታገኛቸዋለች። በይ ተቆጪኝ፤ ግን እኔ በሻሼ ላይ ክፉ ነገር አመጣለሁ? መዥገር ወጣባት ትሏታላችሁ፣ ታስወጧታላችሁ፣ እኔ ደግሞ ቤቴ እወስዳታለሁ። ለልብስ ሰፊዋም ጠዋት ነግሬያታለሁ።» ይህን ሲል ፊቱ በራ። እንግዳዋ ሻሼ ነበረች ለካ!

አይጢት ወደ ወንፊቱ መስኮት ዞረች። «አባዬ» አለች፣ «ከዚህ የወጣ እንስሳ ቤት አይሄድም።» «ይሸጣል?» «አይሸጥም። በመርፌ ያስተኙታል፤ ከዚያ…» የቀረውን መጨረስ አቃታት፤ በወንፊቱ በኩል ከግንቡ አጠገብ የቆመውን ረጅም የጭስ ማውጫ በእጇ አሳየችው። አባቷ ጭስ ማውጫውን አየ፣ ላሟን አየ፣ ክብሪቱን አየ። የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። ቅስሙ ሲሰበር በዓይኗ አየችው፤ ሰው በተቀመጠበት ሲያንስ አይታ አታውቅም ነበር። ጥፋቱ የማን ነው እንግዲህ? «ያስወጧታል» ብላ ግማሹን ነግራ ግማሹን ሆዷ ውስጥ ያስቀረችው እሷው ናት፣ እንዳይከፋው ብላ።

«ስንት ናቸው?» አለችው።

«ሁለት።»

አንደኛዋን ወዲያው አገኟት፤ እሱ ካስቀመጣት ከሻሼ ግራ ጆሮ ሥር ብዙም አልራቀችም። ጠፍጣፋ ናት፣ እግሯን ታወራጫለች። የደም መቅጃ ብልቃጥ ውስጥ ከተው ከደኗት። ሁለተኛዋ ግን የለችም። እሱ በቀኝ፣ እሷ በግራ ሆነው ፍለጋ ጀመሩ። ጆሮዋን ውስጡንም ውጩንም፣ አንገቷ ሥር የተንጠለጠለውን ቆዳ እጥፋት በእጥፋት፣ ብብቷን፣ ጡቷን፣ ጭራዋን አንስተው ከሥሩ፣ ከሰኮናዋ መሃል። ሻሼ ምን ቸገራት፣ የሁለት ሰው እጅ ሲያሻት ተመችቷት ታመሰኳለች። ሽማግሌው በዓይኑ አይደለም የሚፈልገው፣ በጣቱ ጫፍ ነው፤ ጠጉሩን ወደ ኋላ እየመለሰ፣ ቀስ እያለ፣ እንደሚያነብ ሰው። አንዳንዴ በላሟ ጀርባ ላይ እጃቸው ለእጃቸው ይነካካል። መጀመሪያ እሷ እጇን ሸሸት ታደርግ ነበር፤ ኋላ ረሳችው።

«እውነት ደሟ እነሱ ውስጥ ነው ያለው?» አላት፣ ከላሟ ማዶ ሆኖ። «አዎ። ጆሯቸውን በመብራት ሳየው እሷን ያየሁ ይመስለኛል።» እሱ የሻሼን ጆሮ ዳበስ አደረገ። «ያን ሰሞን» አለች አይጢት፣ ዓይኗን ከሻሼ ጎን ሳትነቅል፣ «ያን ሰሞን አይጦቹ ሲያልቁ በሽታው ከእኔ ይሆናል ብዬ ነው። ከአንተ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እነሱ። ለዚያ ነው የማልስምህ።» አባቷ እጁን አቆመ። «ታዲያ ይሄን ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ሽማግሌ ሸተተኝ ብለሽ መስሎኝ ነበር።» አይጢት ቀና ብላ ከላሟ ማዶ አየችው። «አባዬ!» ብቻ አለች። እሱም «በይ ፈልጊ» አለና ጎንበስ አለ።

የዶክተሯ ጫማ በጠጠሩ ላይ ሲመጣ ሰሙት። ብልቃጧን ኪስ ውስጥ ከትቶ ሁሉን ነገር ዋጥ ማድረግ ይቻል ነበር፤ አይጢትም አላሰበችውም አይባልም። ግን ያቺ ሁለተኛዋ አንድ ቦታ ተጣብቃ ደም እየጠጣች ከሆነ፣ የገበያው በሬ ተሸክሞት የነበረው በሽታ ሁሉ ወደ ሻሼ፣ ከሻሼ ወደ እነዚያ ተቃቅፈው ወደተኙት ይሄዳል። በሩ ሲከፈት ሁሉንም ተናገረች። ዶክተሯ ቀጭን፣ ቃሏን የምትቆጥብ ሴት ናት። እስከ መጨረሻው ሰማቻት። አባቷ ተነስቶ ኮፍያውን አውልቆ «ጥፋቱ የእኔ ነው ልጄ፤ እሷን ተያት» ሲል ዶክተሯ አልተቆጣችውም፤ ብልቃጧን ተቀብላ በብርሃን አየቻት።

«ይቺ አልነከሰችም» አለች። «ሁለተኛዋንም እንዲህ ጠፍጣፋ እንደሆነች ካሳያችሁኝ፣ ላሟን ለብቻ አቆያትና ደሟን እየመረመርኩ እጠብቃለሁ። ካጣችኋት ግን ነክሳት ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ? በጥርጣሬ ላቆያት አልችልም። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ ዶክተር።»

«አንቺም እስክነግርሽ ድረስ አይጥ ቤት አትግቢ። የዛሬውን ደም ከሌላ ላም እቀዳለሁ። ቀድቼ ስጨርስ እመለሳለሁ።»

በሩ ተዘጋ። ያኔ ነው ፍለጋው ፍለጋ የሆነው። ላሟን ደግመው ዳሰሷት፣ ሠልሰው ዳሰሷት። ወለሉን በእጃቸው ጠረጉት፣ ሣሯን ገለባ በገለባ ለዩት፣ የክብሪቱን ቀፎ በየጎኑ ቀደዱት። አባቷ ካፖርቱን አውልቆ አራገፈ፣ ኮፍያውን ገለበጠ፣ አይጢት አንገትጌውን አየችለት። የለችም። ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ለቆ ፀሐይ በወንፊቱ በኩል ገባች፤ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሻሼ ተኛች። ዓይኗ ክድን ክፍት ይላል፣ መንጋጋዋ ብቻ ይሠራል። ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ይህ ቀን ከድሮ ቀኖች አንዱ እንደሆነ፣ ሦስቱም አሁን ወደ ቤት እንደሚሄዱ ያህል ጸጥታ ሆነ። አይጢት ከላሟ አጠገብ ገለባው ላይ ተንበርክካ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አልቅሳ አይደለም፤ ደክሟት ነው። ወይም አልቅሳ ነው፣ ማን ያውቃል።

«አይጢት» አለ አባቷ።

«እህ።»

«ወደ ብርሃኑ ዞር በይ እስቲ።»

ዞረች። «አትነቃነቂ» አላት። ጣቱ ከጆሮዋ ኋላ፣ ፀጉሯ ከሚጀምርበት ላይ አረፈ። የጣቱ ጫፍ ሻካራ ነው፣ የላም ጠረን አለው። ድሮ ትኩሳት ሲይዛት እንዲህ ነበር የሚነካት፤ ረስታው የነበረ ነገር ነው። ፀጉሯን ወደ ጎን አደረገ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ እንዳያስል ራሱን ሲያፍን ሰማችው። ቆንጠጥ ያደረጋት ያህል ተሰማት፣ ከዚያ ምንም።

«ይኸችውና።»

መዳፉ ላይ አሳያት። ጥቁር ናት፣ እንደ ምስር ፍሬ ጠፍጣፋ፣ ስምንት እግሯን እያወራጨች የምትሄድበት ያጣች። ማንንም አልነከሰችም። ላሟ ላይ መሄዱ ሰልችቷት፣ እጅና እጅ ሲነካካ ተሻግራ፣ ሽቅብ ተጉዛ እዚህ ደርሳለች። በሌላ ብልቃጥ ከድነው ከሻሼ ፊት፣ መሬቱ ላይ አቆሙት። ሻሼ አሸተተችውና ፊቷን አዞረች። ሁለቱም ሳቁ።

ከሩቅ የዶክተሯ ጫማ ጠጠሩን መርገጥ ጀመረ። የአባቷ ግራ እጅ እስካሁን የአይጢት ራስ ላይ ነው። ሥራውን ጨርሷል፣ መነሳት ነበረበት፤ አላነሳውም። እሷም ራሷን አላነሳችም። መዥገሮቹ ሁለት ብቻ መሆናቸውን ታውቃለች፤ ቁጥሩን የነገራት እሱ ራሱ ነው።

«አባዬ» አለችው፣ «ሌላ እንዳይኖር ደህና አድርገህ ፈልግ እስቲ።»

«እውነትሽን ነው» አለ ሽማግሌው። ባልዲውን ወደ እሷ ሳብ አድርጎ ተቀመጠና፣ ፀጉሯን ከፈል ከፈል እያደረገ፣ ከጆሮዋ ኋላ ጀምሮ ቀስ ብሎ ይፈልግ ጀመር።